እግር ከደረት በላይ ሲነሣ ዳኛው የት ነበር?



በአንባቢያን ዓምድ ላይ ስለ እግር ኳስ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ «ቡድኔ ተበደለ» የሚል አቤቱታ ነው። የእኔ ደብዳቤ ከዚያ ትንሽ ለየት ይላል። በደሉን የፈጸምሁት ዳኛው እኔ ራሴ ስለ ሆንሁ፣ ነገሩን እንደ ተደረገው ጽፌ አንባቢዎች እንዲፈርዱበት አስቤአለሁ። ረዘም ቢል ይቅርታ እለምናለሁ።

የምኖረው እንጦጦ ራጉኤል አካባቢ ነው። በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ስሆን፣ ፊሽካ የሚይዝ ሌላ ሰው ስላልተገኘ የክፍል ለክፍል ግጥሚያዎችን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የምዳኘው እኔ ነኝ። ለዚህ ሥራ የሚያበቃ ትምህርት አለኝ ብል፣ ያው በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርሁት ነው። በዚያ ትምህርት ቤት ኳስ ከመሰጠቱ በፊት የጨዋታው ሕግ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እየተጻፈ በደብተራችን እንድንገለብጥ እንታዘዝ ነበር። ኳሱ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ እያየነው ሕግ መገልበጥ ምን ያህል እንደሚያሰለች የደረሰበት ያውቀዋል። ከገለበጥሁትም አብዛኛውን ረስቼዋለሁ፤ ለዚህ ደብዳቤ ምክንያት የሆነኝም ከረሳኋቸው ዐረፍተ ነገሮች አንዱ ነው።

የምንጫወትበትን ቦታ ሜዳ ብዬ ስጠራው የሚያውቁት ሰዎች ሳይስቁ አይቀሩም። በባሕር ዛፉ መካከል ያለ ገላጣ ሥፍራ ነው፤ ወደ ከተማው በኩል ያዘነብላል፤ የጎሉ ቋሚዎችም ከዚያው ከባሕር ዛፍ የተቆረጡ ናቸው። ኳሱ ቁልቁል ያመለጠ እንደ ሆነ ሁለት ልጆች እየሮጡ ከጫካው ያወጡታል። ከፍታው 3,000 ሜትር ያህል በመሆኑ አየሩ ስስ ነው፤ የተመታ ኳስም ታች ከተማ ከሚሄደው ርቆ ይሄዳል። ድንጋይ ላይ ካረፈ ደግሞ ወዴት እንደሚነጥር አይታወቅም። ከዚህም የተነሣ በእኛ ሜዳ ኳሱ ከመሬት ይልቅ በአየር ላይ ብዙ ጊዜ ያሳልፋል፤ ልጆቹም ለመድረስ ሲሉ እግራቸውን ከፍ አድርገው ማንሣት ልማድ ሆኖባቸዋል። አብዛኞቹ በኮንጎ ጫማ ነው የሚጫወቱት። ጥቂቶቹ ግን ከሰልባጅ የተገዛ ታኬታ አላቸው፤ ታኬታ ያለው ልጅም በጓደኞቹ ዘንድ ምን ያህል እንደሚከበር መናገር አያስፈልግም።

ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር ዘጠነኛና ዐሥረኛ ክፍል ተጋጠሙ። ጨዋታው ተጀምሮ ብዙም ሳይቆይ አንድ የዐሥረኛ ክፍል ተከላካይ፣ ታኬታ ከነበራቸው ልጆች አንዱ፣ ነጥሮ የመጣውን ኳስ ለመምታት እግሩን እስከ ተጋጣሚው አገጭ ድረስ አነሣው። ኳሱን በራሱ ሊገጭ የመጣው የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ጫማውን ሲያይ አንገቱን ሰብሰብ አድርጎ ወደ ኋላ ሸሸ። ምንም አልተነካም። ተመልካቹ «ኦሆሆ!» ብሎ ሳቀ። እውነቱን ለመናገር እኔም ሳቅሁ፤ በእጄም «ቀጥሉ» የሚል ምልክት ሰጠሁ።

ከዕረፍት በኋላ ያው ተከላካይ ያንኑ ደገመው። በዚህ ጊዜ ወደ ኳሱ የመጣው ሌላ ልጅ ነበረ፤ እርሱም አልሸሸም። የታኬታው ጥርስ ከቅንድቡ በላይ አገኘውና ቆዳውን ቀደደው። ደሙ ፊቱን ሲሸፍነው ዓይኑ የጠፋ መስሎኝ ጉልበቴ ራደ። አንደኛው የሒሳብ አስተማሪ ሸሚዙን አውልቆ ቁስሉን ያዘለት። እኔም ከኪሴ ቀይ ካርድ አወጣሁ።

ተከላካዩ ካርዱን አይቶ ማልቀስ ጀመረ። «ቲቸር፣ ኳሷን ብቻ ነው ያየሁት» አለኝ። ይህን ሁሉም ይለዋል። ቀጥሎ የተናገረው ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም፤ «ቅድም እንዲሁ ሳደርግ ምንም አላሉኝም እኮ!»

የምመልስለት ቃል አልነበረኝም። እግሩ ያው እግር፣ ቁመቱም ያው ቁመት፣ ዳኛውም ያው ዳኛ ነበረ። በመጀመሪያው ጊዜ አሥቆኝ በሁለተኛው ጊዜ ቀይ ያስመዘዘኝ ነገር ቢኖር ደሙ ብቻ ነው።

ልጁ በጤና ጣቢያ ሰባት ጊዜ ተሰፋ፤ ዓይኑም ተረፈለት። በማግሥቱ እናቱ ወደ ትምህርት ቤት መጡ። እንጨት ተሸክመው ወደ ሽሮ ሜዳ ከሚወርዱት ሴቶች አንዷ ናቸው፤ ሸክማቸውን ከበሩ ውጭ አስደግፈው ነበር የገቡት። ይጮሁብኛል ብዬ ፈርቼ ሳለ በለሰለሰ ድምፅ ጠየቁኝ። «መምህር፣ ያ የመታው ልጅ ጠበኛ ነው እንዴ?» አሉኝ። «አይደለም እትዬ፣ ጨዋ ልጅ ነው፤ ኳስ ሲመታ ነው» አልኋቸው። «ታዲያ ዳኛ የሚባል አልነበረም?» አሉ። «ነበረ፤ እኔ ነበርሁ» አልኋቸው። አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ልጃቸውን ጠሩና ወጡ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ኳስ በቴሌቪዥን ወደሚታይበት ቤት ሄድሁ። የእንግሊዝ ቡድኖች ጨዋታ በሚታይበት ቀን እንዲህ ያለው ቤት ምን እንደሚመስል ለአዲስ አበባ ሰው መንገር አያሻም፤ አርሰናሉ ባንድ ወገን፣ ማንችስተሩ በሌላው፣ የሊቨርፑሉም በመካከል ይቀመጣል። የእኛ ሜዳ ወሬ ቀድሞኝ ደርሶ ስለ ነበረ ክርክሩ ወዲያው ተነሣ። ገሚሱ «ቀዩ ልክ ነው» አለ፤ ገሚሱ «ሳያስበው ለመታ ልጅ ቀይ ግፍ ነው» አለ። አንድ የሊቨርፑል ደጋፊ ደግሞ የማኔን ነገር አነሣው። ይህ ሰው ማንኛውም ክርክር ቢነሣ የማኔን ነገር ሳያነሣ አይቀርም።

ላላስታወሰው አንባቢ ነገሩ እንዲህ ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ሊቨርፑል ከማንችስተር ሲቲ ጋር በሲቲ ሜዳ ይጫወት ነበር። በ37ኛው ደቂቃ ሳድዮ ማኔ ረጅም ኳስ ተከትሎ ሲሮጥ በረኛው ኤደርሰን ክልሉን ለቆ ወጣና በራሱ ሊገጨው ዘለለ። ማኔ እግሩን አንሥቶ የበረኛውን ፊት መታው። ኤደርሰን በቃሬዛ ወጣ፤ ጉንጩም ተሰፋ። ዳኛው ጆን ሞስ ማኔን በቀይ አስወጣው፤ ሊቨርፑልም 5 ለ 0 ተሸነፈ። በማግሥቱ፣ ጳጉሜ 5 ቀን፣ ኒውካስል ከስዋንሲ ጋር ሲጫወት ማት ሪቺ የተባለው የኒውካስል ተጫዋች እንዲሁ እግሩን አንሥቶ የስዋንሲውን ተከላካይ አልፊ ሞውሰንን አገኘው። ሪቺ የተሰጠው ቢጫ ብቻ ነው። ማኔ ሦስት ጨዋታ ሲታገድ ሪቺ ከነቡድኑ አሸንፎ ወጣ። የአዲሱ ዓመት ዋዜማ በዚህ ክርክር አለፈ።

የሊቨርፑሉ ሰው ጥያቄ እንግዲህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በአንድ አገር፣ በአንድ ውድድር፣ በሁለት ቀን ውስጥ ለአንድ ዓይነት ጥፋት ሁለት ዓይነት ፍርድ ለምን ተሰጠ? እኔም ብሆን በሁለቱ መካከል ያየሁት ትልቁ ልዩነት አንደኛው በቃሬዛ መውጣቱ ነው። ነገር ግን ሰውዬው ከዚህ ተነሥቶ የደረሰበትን አልቀበለውም። ለሪቺ ቢጫ ከተሰጠ ለማኔም ቢጫ ይበቃው ነበር ይላል። እኔ ደግሞ ሪቺም መውጣት ነበረበት እላለሁ። ልብ ብዬ ስከታተለው፣ ደጋፊ «ዳኝነቱ አንድ ወጥ ይሁን» ብሎ ሲጮኽ ሁልጊዜ ማለቱ «ለኔም ይማርልኝ» ነው። በሌላው ላይ የተፈረደው በኔም ላይ ይፈረድ ብሎ የጮኸ ደጋፊ እስካሁን አላጋጠመኝም።

የማንችስተር ዩናይትድ ደጋፊዎችም የራሳቸው ቁስል አላቸው። የካቲት 26 ቀን 2005 ዓ.ም. ከሪያል ማድሪድ ጋር ሲጫወቱ 1 ለ 0 እየመሩ ሳለ፣ ናኒ ከአየር የሚወርደውን ኳስ ለማቆም ያነሣው እግር አርቤሎአን ስላገኘው የቱርኩ ዳኛ ቻኪር በቀይ አስወጣው፤ ማድሪድም 2 ለ 1 አሸነፈ። «ናኒ ሰውዬውን አላየውም!» እያሉ እስከ ዛሬ ይምላሉ። እኔም አለማየቱን አምናለሁ። በሌላ በኩል ሐምሌ 4 ቀን 2002 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ላይ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የሆላንዱ ደ ዮንግ የስፔኑን ዣቢ አሎንሶን ደረቱ ላይ በጫማው ሲረግጠው ዓለም ሁሉ አይቷል። እንግሊዛዊው ዳኛ ሀዋርድ ዌብ ቢጫ ብቻ ሰጠ። በኋላም በዚያች ቅጽበት በደንብ እንዳላየውና ቀይ ይገባ እንደ ነበረ ራሱ በአደባባይ ተናግሯል። ዳኛ እንዲህ ሲል ስሰማ ደስ ይለኛል፤ በዚያን ሳምንት ደግሞ ይበልጡን ደስ አለኝ።

ወደ ቤቴ ተመልሼ ሕጉን ፈልጌ አነበብሁት፤ ይኸውም ስለ ጥፋትና ስለ ሥነ ምግባር የሚናገረው ዐሥራ ሁለተኛው ሕግ ነው። በሜዳም ሆነ በቴሌቪዥን ቤት የምንከራከርበት ነገር፣ አስቦ ነው ወይስ ሳያስብ የሚለው፣ በዚያ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። በጥንቱ ሕግ ስለ ረገጣና ስለ ምት ሲነገር «ሆን ብሎ» የሚል ቃል ነበረበት፤ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ወዲህ ግን ወጥቷል። አሁን ዳኛው የሚጠየቀው ስለ ተግባሩ ነው፤ ጥንቃቄ የጎደለው እንደ ሆነ ቅጣት ምት፣ በተጋጣሚው ላይ የሚደርሰውን አደጋ ከቁም ነገር ያልቈጠረ እንደ ሆነ ቢጫ፣ ከልክ ባለፈ ኃይል የሰውን ደኅንነት አደጋ ላይ የጣለ እንደ ሆነ ቀይ ነው። «ኳሷን ብቻ ነው ያየሁት» የሚለው መከላከያ በእኔ አስተያየት ይልቁንም ክስ ነው፤ ሰው በሚበዛበት ቦታ ኳስ ብቻ የሚያይ ሰው፣ ሌላው ሰው መኖሩን ከቁም ነገር አልቈጠረም ማለት ነው።

እኔን ያሳፈረኝ ግን ከዚያ ዝቅ ብሎ የተጻፈው ነው። አደገኛ አጨዋወት የሚባለው፣ ኳስ ለመጫወት ሲሞከር በማንም ላይ፣ በተጫዋቹ በራሱም ላይ ቢሆን፣ ጉዳት የሚያሰጋ ድርጊት ነው ይላል። ጉዳት ፈርቶ ቅርብ ያለው ተጋጣሚ ኳሱን ከመጫወት ቢከለከልም በዚሁ ይቈጠራል ይላል። ቅጣቱ ቀጥተኛ ያልሆነ ቅጣት ምት ነው። መነካካት የግድ አይደለም፤ ከተነካማ ነገሩ ወደ ከባዱ ጥፋት ያልፋል። ይህን ሳነብ ያ አንገቱን ሰብስቦ የሸሸው የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ሕጉ የጻፈው ስለ እርሱ ነው። ፈራ፣ ሸሸ፣ ኳሱንም ተወ፤ እኔም ሳቅሁ። ዐረፍተ ነገሩን ከሃያ ዓመት በላይ በፊት በእጄ ገልብጬው ነበር።

በነገራችን ላይ «በራሱም ላይ ቢሆን» የሚለው ቃል ቀላል አይደለም። ጉልበት ድረስ ጎንበስ ብሎ ራሱን እግር በሚወራጭበት መካከል የሚያገባ ልጅ ጥፋተኛው እርሱ ሊሆን ይችላል። ልጆቹ የሚወዱት የመቀስ ምትም አጠገቡ ሰው ከሌለ አይከለከልም። እግር ከፍ ማለቱ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ ዳኛው ማየት ያለበት አጠገቡ ማን እንዳለ ነው።

ይህን በሚቀጥለው ቅዳሜ ለእነዚያ ሰዎች ባስረዳቸው፣ ከጥግ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሳቁብኝ። «ኳስ የወንድ ጨዋታ ነው። እኛ ጃንሜዳ ገና ስንጫወት ስንቱ ቅልጥሙን ተሰብሯል! ማን ፊሽካ ነፋ?» አሉ። የገና ጨዋታ ልማድ ሎሌው ጌታውን ቢመታ ጌታው እንዳይቆጣ እንደሚያዝ አንባቢ ያውቃል። «አባባ፣ እርስዎ ቅልጥም አሉ እንጂ ዓይን አላሉም» አልኋቸው። ትንሽ አሰብ አድርገው «ዓይንስ ሌላ ነው» አሉ። ሆኖም ሽማግሌው ፈጽሞ ተሳስተዋል አልልም፤ ንክኪውን ሁሉ ጥፋት ብናደርገው ጨዋታው ይሞታል፤ እኔም በየደቂቃው ብነፋ ልጆቹ ሌላ ዳኛ ይፈልጋሉ።

ከዚህ በፊት በአገራችን ሁለት ሰዎች ተያይዘው ሲደባደቡ መንገደኛው «በሕግ አምላክ!» ያለ እንደ ሆነ እጃቸውን ያወርዱ እንደ ነበረ አባቶቻችን ይነግሩናል። ፊሽካም እንዲሁ መሰለኝ። ቃሉን የሚያስከብረው የተናገረው ሰው ጉልበት አልነበረም፤ ዛሬ ተነግሮ ነገ ለሌላው አለመቅረቱ እንጂ። የሜዳው ሰውና የችሎቱ ሰው በቋንቋችን በአንድ ስም «ዳኛ» መባላቸውም በከንቱ አይመስለኝም።

ትልልቆቹ ዳኞች ዛሬ ብዙ ረዳት አላቸው። ከኛም ወገን ባምላክ ተሰማ በ2018 እ.ኤ.አ. ሩሲያ ላይ ለተደረገው የዓለም ዋንጫ ከተመረጡት ዳኞች አንዱ ነበር፤ ሊዲያ ታፈሰም በ2015 እና በ2019 እ.ኤ.አ. በሴቶች የዓለም ዋንጫ ላይ ተገኝታለች። በሩሲያው ዋንጫ ዳኛው የተጠራጠረውን በቪዲዮ መልሶ እንዲያይ ተደረገ፤ ክርክሩ ግን አላለቀም፤ የተዘገየው ምስል እግሩን ከነበረው የከፋ ያስመስለዋል የሚሉ አሉ። ቢጫና ቀይ ካርድ ራሱ በ1970 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮው የዓለም ዋንጫ ነው የተጀመረው። አሳቡን ያመጣው እንግሊዛዊው ኬን አስተን በመኪናው ሲሄድ የመንገድ መብራት አይቶ ነው፤ ሥራውም አስተማሪነት ነበር። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ለእኔም ጥቂት ክብር ይጨምርልኛል ብዬ ነበር፤ አልጨመረልኝም።

የእኛ የትምህርት ቤት ሜዳ ግን ቪዲዮም የመስመር ዳኛም የለውም። ስለዚህ የሚመለከታቸው ክፍሎች በየትምህርት ቤቱ ፊሽካ ለሚይዙ አስተማሪዎች በክረምት ሁለትና ሦስት ቀን የዳኝነት ትምህርት ቢሰጡ መልካም ነው እላለሁ። ኳስና ማልያ ሲታደል አይቻለሁ፤ የሕጉ መጽሐፍ በአማርኛ ሲታደል ግን እኔ ባለሁበት አላየሁም። በበኩሌ ዐሥራ ሁለተኛውን ሕግ በአንድ ወረቀት ላይ በአማርኛ ጽፌ በክፍሎቹ በር ላይ ለጥፌአለሁ። ለዚያ በቀይ ላስወጣሁት ልጅም ወረቀቱን ከመለጠፌ በፊት ሰጥቼው፣ የመጀመሪያውን ጥፋት ባለመንፋቴ በክፍሉ ልጆች ፊት ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። እፍረት ይዞት ቀና ብሎ ሳያየኝ «እሺ ቲቸር» አለኝ።

ዘንድሮ ኅዳር ላይ ግጥሚያ ስንጀምር ተጫዋቾቹን ሰብስቤ፣ ሰው ባለበት ከደረት በላይ የተነሣ እግር ቢነካም ባይነካም እንደምነፋ ነገርኋቸው። ጨዋታው ዐሥር ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው አንድ ልጅ ከወደ ቁልቁለቱ ነጥሮ የመጣውን ኳስ ለመምታት እግሩን ወረወረ፤ ተጋጣሚው አጎንብሶ አመለጠ። ነፋሁ። ያ ልጅ ባለፈው ዓመት ከቅንድቡ በላይ ሰባት ጊዜ የተሰፋው ነበር፤ ጠባሳው ከሩቅ ይታያል። ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ «ቲቸር፣ አልነካሁትም እኮ!» እያለ ወደኔ ሮጠ። ተመልካቹም «ኧረ ዳኛ!» ብሎ ጮኸ። እኔም ሕጉ እንደሚያዘው አንድ እጄን ወደ ላይ አንሥቼ ኳሱ ተመትቶ ሌላ ተጫዋች እስኪነካው ድረስ ቆምሁ።

ከብዙ አክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
አንድ አስተማሪ፣ ከእንጦጦ ራጉኤል